ጓሮ ያፈራውን ማብሰል፦ ከክረምቱ ጎመን እስከ በጋው ቲማቲም

ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሐምሌ ላይ ጎመኑ አጥር ሊዘል ይደርሳል። እናንተ ጎመን ትበላላችሁ፣ ለጎረቤት ጎመን ትልካላችሁ፣ ጎረቤትም በሳህኑ ጎመን መልሶ ይልክላችኋል። መጋቢት ላይ ደግሞ ቲማቲሙ ሁሉ ተነጋግሮ የተቀጣጠረ ይመስል በአንድ ሳምንት ይቀላል። ድስቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ ሽንኩርቱን ማቁላላት፣ ዘይቱን ለቀቅ ማድረግ፣ አትክልቱ ምን እንደነበረ እስኪረሳ ድረስ ማብሰል። በመኪና ተጭኖ፣ መደብ ላይ ሁለት ቀን ውሎ ለሚመጣ አትክልት ይሄ አሠራር ሊስማማ ይችላል። ጠዋት የተቀነጠሰ ቅጠል ግን ይህን ሁሉ አይፈልግም። እሳቱም፣ ዘይቱም፣ ቅመሙም ቀነስ ሲል ነው የሚጣፍጠው።

የምጽፈው ለአዲስ አበባና መሰል ደጋና ወይና ደጋ ቦታዎች ነው። ቆላ ያላችሁ ወራቱን ወደ ራሳችሁ አየር መልሱት። ጓሮ ስልም ሰፊ ግቢ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካንና በአፈር በተሞላ ጆንያ ቆስጣና ቃሪያ የሚያበቅሉ ስንት አሉ።

መጀመሪያ ጓሮ፣ ከዚያ ድስት

ምን እንደምትሠሩ ቤት ውስጥ ወስናችሁ አትውጡ። ሳፋ ይዛችሁ ውጡና እዩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ዛሬ ካልተበላ የሚበላሸው የቱ ነው? ሰላጣ አናቱ ሽቅብ መመዘዝ ከጀመረ ነገ ይመራል፣ ስለዚህ የዛሬ ምሳ እሱ ነው። እሸት በቆሎም እንደዚያው፣ ቀኑ ካለፈ ይደርቅባችኋል። ቃሪያና ጎመን ግንዳቸው ላይ ጥቂት ቀናት ይታገሳሉ። ካሮትና ቀይ ሥር አፈር ውስጥ ሳምንታት ይቆያሉ፤ አፈሩ ራሱ ፍሪጅ ነው በሏቸው። ዱባ ከተነሣ በኋላ ወራት ይቆያል፣ ምንም አያስቸኩልም።

አለቃቀሙም ለነገ ምግብ ይወስናል። ጎመን ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀነጠሰው፤ ከአናቱ አምስት ስድስት ቅጠል ካልነካችሁበት ለወራት ይሰጣል። ቆስጣም የውጪው ቅጠል ብቻ ከሥሩ ይገነጠላል፣ መሐሉን ተዉት። ጥቅል ጎመን ስትቆርጡ ጉቶውን አትንቀሉ፣ ከጎኑ ትናንሽ ጥቅሎች ያወጣል፤ እነሱ ደግሞ ለአንድ ሰው ምሳ ልክ ናቸው። ድንች ለማቆየት ከሆነ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እስኪወድቅ ጠብቁ። ለዛሬ ከሆነ ግን ከጎን ቆፈር አድርጋችሁ ጥቂት መስረቅ ይቻላል፣ ልጣጩ በጣት የሚላጥ ለጋ ድንች ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

ቅጠል የሚቀነጠሰው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትጠነክር ነው። ቀን ላይ የተቀነጠሰ ቆስጣ ወጥ ቤት ሳይደርስ ይጠወልጋል።

ስለ አጠባው

ሳፋውን በውሃ ሙሉትና ቅጠሉን ነክራችሁ አገላብጡት፣ ከዚያ ቅጠሉን በእጃችሁ ከውሃው አውጡ። ብዙ ሰው ውሃውን ከነቅጠሉ ወንፊት ላይ ይደፋዋል፣ ያን ጊዜ ታች የዘቀጠው አፈር ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይፈሳል። ውሃው ጥርት እስኪል ሁለት ሦስቴ ድገሙት፤ በክረምት ዝናቡ አፈሩን እያፈናጠረ ቅጠሉ ላይ ስለሚለጥፈው አንዴም መጨመር አይጎዳም። ሰላጣና ሌላ በጥሬው የሚበላ ነገር ከሆነ የመጨረሻው እጥበት ለመጠጥ በምታምኑት ውሃ ይሁን። ፍግ ጨምራችሁ ከሆነ በደንብ የተብላላ መሆኑን አረጋግጡ፣ በትኩስ ፍግ አጠገብ የበቀለን ሰላጣ በጥሬው መብላት ከበሽታ ጋር ቁማር መጫወት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ሰዓት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ከዩቲዩብ የተቀዳ አሠራር “ድንቹ በ15 ደቂቃ ይበስላል” ሲላችሁ በ25 ደቂቃም ልቡ ጥሬ የሚሆነው። ከታች የምጽፋቸው ደቂቃዎች ለዚህ ከፍታ የተገመቱ ናቸው፤ ቢሆንም ከሰዓቱ ይልቅ ሹካውን እመኑ።

ክረምት፦ ጎመንና ቆስጣ

ከሐምሌ እስከ መስከረም የቅጠል ጊዜ ነው። ነሐሴ ከገባ እስከ 15 ድረስ ፍልሰታ ስለሚጾም ጎመኑ ያለ ቅቤ መጣፈጥ አለበት፣ ይጣፍጣልም።

ለአራት ሰው 1 ኪሎ ግድም የተቀነጠሰ ጎመን፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ዝንጅብል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ሦስት ቃሪያና ጨው ይበቃል።

መጀመሪያ የጎመኑን ወፍራም አንጓ ከቅጠሉ ለዩት። አንጓውን አትጣሉት፣ በደቃቁ ክተፉት፣ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ቅጠሉን አንድ ላይ ጠቅልላችሁ በቀጭኑ ክተፉ።

ሰፊ ድስት ጣዱና ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ውሃ አፍሉ። አንጓውን ጨምሩ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቅጠሉን። እዚህ ላይ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አትክደኑት። ጎመን ሲበስል የሚለቀው አሲድ አለ፤ ከተከደነ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀርና አረንጓዴውን ወደ ወታደር ልብስ ቀለም ይለውጠዋል። ክፍት ሲሆን በእንፋሎቱ ይወጣል። በዚሁ ምክንያት ሎሚና ቲማቲም ጎመን ላይ ቶሎ አይጨመርም። ለጋ ቅጠል በ12 እና 15 ደቂቃ መካከል ይደርሳል። ያረጀ ከሆነ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፣ እሱን በኋላ መክደን ትችላላችሁ።

ውሃው መጥጦ ሲያልቅ ጎመኑን ወደ ዳር ገፋ አድርጉና መሐሉ ላይ ዘይቱን አፍስሱ። ሽንኩርቱን እዚያው ለስለስ እስኪል፣ ሳይጠቁር፣ አብስሉት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ፣ ሽታቸው ሲወጣ ከጎመኑ ጋር አዋህዱት። ጨው አሁን። ቃሪያውን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጣል አድርጉበት፣ ክደኑት፣ እሳቱን አጥፉ፣ አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። አለቀ።

ጎመኑን በብዙ ውሃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውሃውን ደፍቶ የሚሠራ አለ። ጠንካራ የገበያ ጎመን ከሆነ እሺ። የጓሮ ለጋ ጎመን ላይ ግን ጣዕሙንና ቪታሚኑን ነው ወደ ቧንቧ የምትደፉት።

ጾም ሲፈታ ይኸው ጎመን ሌላ ምግብ ይሆናል። ለመስቀል በጉራጌ ቤት እንደሚደረገው በደቃቁ ተከትፎ፣ ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ ገብቶበት፣ ከአይብ ጋር። ኮሰረት ጓሯችሁ ካለ ቅቤውን ስታነጥሩ አንድ ጭብጥ ጨምሩበት፣ የሱቅ ቅቤ የማይሰጠው መዓዛ እሱ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ኮላርድ በዚሁ መንገድ ሥሩት፣ የሐበሻ ጎመን ምትክ እሱ መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ። ቅጠሉ ስለሚወፍር ደቂቃውን እጥፍ አድርጉ። ውርጭ ከነካው በኋላ የተቀነጠሰው ይጣፍጣል፣ ስለዚህ በመስከረም አትጨርሱት።

ቆስጣ የጎመን ታናሽ ወንድም መስሎ ይታያል እንጂ ባሕርዩ ሌላ ነው። ውሃ በራሱ አለው፣ ጠብታ አትጨምሩበት። ሽንኩርቱን በትንሽ ዘይት ለስለስ አድርጉ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ የቆስጣውን አንጓ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ቅጠሉን ሦስት አራት ደቂቃ። ሙሉ ድስት የነበረው ወርዶ ታች ሲቀር አትደንግጡ። ጨው ከወረደ በኋላ ነው የሚጨመረው፤ በፊት ሙሉውን ድስት አይታችሁ ከጨመራችሁ የሚበላ አይሆንም። የተቀቀለ ድንች ቆርጣችሁ ብታዋህዱት ምሳ ነው፣ ፍስክ ከሆነ ሁለት እንቁላል ብትሰብሩበት ቁርስ ነው።

ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ እሸት

ይሄ ወቅት በጣም አጭር ነው፣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደውም ይሄንኑ ነው።

በቆሎው የደረሰ መሆኑን በጸጉሩ እወቁ፤ ቡናማ ሆኖ ደረቅ ሲል ጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ አንዱን ፍሬ በጥፍር ውጉት። ወተት የመሰለ ነገር ከወጣ ዛሬ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ ገና ነው። ሊጥ ከሆነ አልፎታል፣ እንዲደርቅ ተዉትና ለቆሎ ወይም ለዱቄት ይሁን። በቆሎ ከተቆረጠባት ደቂቃ ጀምሮ ስኳሩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ስለሚሄድ ድስቱን ጥዳችሁ ውሃው መፍላት ሲጀምር ብትቆርጡ ይሻላል። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ቀምሳችሁ ፍረዱ። ለጋው በ10 ደቂቃ ይቀቀላል። ከሰል ላይ ከሆነ ሁለት ሦስት ልባስ ትታችሁበት ጥበሱት፣ መጨረሻ ላይ ልባሱን ገፋችሁ ጠቆር ጠቆር አድርጉት።

የተረፈ ቅቅል በቆሎ ካለ ፍሬውን በቢላ ፋቁና ከተከተፈ ቃሪያ፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከሎሚና ከጨው ጋር አዋህዱት። ልጆች ይጣሉበታል።

የባቄላ እሸት ደግሞ አብዛኛው ቆሞ ነው የሚበላው፣ ወጥ ቤት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ለደረሰው ግን ይሄን ሥሩለት። ሁለት ብርጭቆ ፈልፍሉ። ፍሬው ትልልቅ ሆኖ ቆዳው ከወፈረ ሁለት ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ቆዳውን ግፈፉት፣ ለጋ ከሆነ ከነቆዳው ይሁን። አንድ ሽንኩርት በሦስት ማንኪያ ዘይት አቁላሉ፣ ባቄላውን ጨምሩ፣ ጥቂት ውሃ ረጭ ረጭ እያደረጋችሁ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ አብስሉት። ሊደርስ ሲል ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ቃሪያ፣ ጨው። በእንጀራም በዳቦም ይሄዳል። የአተር እሸት ካላችሁም በእርድ አልጫ ሥሩት። ስምንት ደቂቃ ከበቃው አትጨምሩበት፣ አተሩ ከፈረሰ ያው ክክ ወጥ ሆነ ማለት ነው፣ ክክ ደግሞ ሱቅ አለ።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ከአፈር ሥር

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ በዚያው ሰሞን ድንቹ፣ ካሮቱ፣ ቀይ ሥሩ፣ ጥቅል ጎመኑ ይደርሳል። አልጫ የሚሠራበት ጊዜ ነው። የአትክልት አልጫ ምሥጢሩ ተራውን መጠበቅ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ይገባና ካሮቱ ጥሬ፣ ጎመኑ ደግሞ ገንፎ ሆኖ ይወጣል።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በአምስት ማንኪያ ዘይት፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ። ሦስት ካሮት በጣት ልክ ቆርጣችሁ ጨምሩ፣ ክደኑ፣ ስምንት ደቂቃ። ከዚያ አራት ድንች፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ሌላ 12 ደቂቃ። ከዚያ የጥቅል ጎመኑን ግማሽ፣ በሰፊው ተቆርጦ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ፣ 10 ደቂቃ። በጭልፋ አታማስሉት፣ ድስቱን ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ከጓሮ የመጣ ጥቅል ጎመን ውሃ ያወጣል፣ ውሃው አነሰ ብላችሁ አትቸኩሉ።

ድንች ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዛማ ነገር ያበዛል፣ መቀቀልም አያጠፋውም። ትንሽ ከሆነ አረንጓዴውን ከነዙሪያው በወፍራሙ ቁረጡና ጣሉት፣ ከበዛ ወይም ከመረራችሁ ሙሉውን ጣሉት። ያመረታችሁትን ጨለማና ነፋሻ ቦታ አስቀምጡ፤ ላስቲክ ውስጥ አይሁን።

ቀይ ሥር ስትቀቅሉ አትላጡት፣ ሥሩንም አትቁረጡት፣ ከላይም ሁለት ጣት ያህል ግንድ ተዉበት፤ አለበለዚያ ቀለሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። መካከለኛው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሲበርድ ልጣጩ በእጅ ይንሸራተታል። ከተቀቀለ ድንች ጋር ቆራርጣችሁ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨውና ቃሪያ ጨምሩ። ድንቹ ነጭ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ቀይ ሥሩን መጨረሻ ላይ ቀላቅሉት። በማግስቱ ሽንት ቤት ቀይ ነገር ብታዩ ሐኪም ቤት አትሩጡ፣ ከሱ ነው።

ቅጠሉን ደግሞ ለበግ አትስጡት። ቀይ ሥርና ቆስጣ አንድ ዓይነት ተክል ናቸው፣ አንዱ ለሥሩ ሌላው ለቅጠሉ የተመረጠ ነው እንጂ። ስለዚህ ለጋውን የቀይ ሥር ቅጠል ልክ እንደ ቆስጣው ሥሩት፣ ከአንድ ተክል ሁለት ምግብ።

ዱባም በዚህ ሰሞን ይነሣል። እጀታው ደርቆ ቡሽ ሲመስል፣ ጥፍር ቅርፊቱን አልበሳም ሲል ደርሷል። ከእጀታው ጋር ቁረጡት፣ ያለ እጀታ ቶሎ ይበሰብሳል። ለወጡ ሁለት ሽንኩርት በደንብ አቁላሉ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ በጥቂት ውሃ አብስሉ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ተልጦ በትልልቁ የተቆረጠ 1 ኪሎ ዱባና አንድ ብርጭቆ ውሃ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ዱባው ጣፋጭ ስለሆነ በርበሬው ጠንከር ቢል ይሻላል፣ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ በርበሬ አብዙ የምለው እዚህ ብቻ ነው።

በጋ፦ እሳት የማይፈልገው

ከጥር በኋላ ያለው ጓሮ በውሃችሁ መጠን ነው። የእጅና የአትክልት ማጠቢያ ውሃ ሳሙና ከሌለበት ወደ ቲማቲሙ ሥር ይሂድ። ዐቢይ ጾም ብዙውን ጊዜ የካቲት ላይ ይገባል፣ 55 ቀን ደግሞ ረጅም ነው፣ ቲማቲም ፍትፍት የሚያድነን ያኔ ነው።

አራት የበሰለ ቲማቲም ቁረጡና ቀድማችሁ ጨው ነስንሱበት። 10 ደቂቃ ተዉት። ይሄ የማይዘለል ነገር ነው፣ ጭማቂው የሚወጣው ያኔ ነውና፤ እንጀራውን የሚያርሰው እሱ እንጂ ውሃ አይደለም። ከዚያ ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ ቁንዶ በርበሬ። እንጀራውን ልታቀርቡ ስትሉ ብቻ ቁረሱበት። የትናንት እንጀራ ከዛሬው ይሻላል፣ ቶሎ አይላቁጥም። ቲማቲሙን ፍሪጅ አታስገቡት፣ ጣዕሙ ይጠፋል። ጀምሮ ያልጨረሰ ቀለም ያለውን ቀጥፋችሁ መስኮት ላይ ብታስቀምጡት ይቀላል፤ ወፍ ከቀደማችሁ ይሄ ዘዴ ይጠቅማችኋል።

የተረፈውን ቲማቲም ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አዋህዱና ስንግ ሥሩበት። ወፍራሙን ቃሪያ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡና ሙሉበት፣ ሌላ አሠራር የለውም።

ቃሪያው ሲበዛ፦ ዳጣ

በጋው መጨረሻ ላይ የቃሪያው ብዛት ከቤቱ ሰው አቅም በላይ ይሆናል። አረንጓዴ ዳጣ ጓሮውን በሙሉ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባል። ግማሽ ኪሎ የሚያቃጥል ቃሪያ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ጣት ዝንጅብል፣ አንድ ጭብጥ ትኩስ በሶብላ፣ ትንሽ የድንብላል ቅጠል፣ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ጤና አዳም። ጤና አዳም ካበዛችሁ መራራ ነው፣ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ጭራሽ ተዉት።

ቃሪያውን አጥባችሁ በጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት፣ ውሃ ያለበት ዳጣ ቶሎ ይሻግታል። ሙቀጫ ካለ በሙቀጫ፣ ከሌለ በማሽን ፍጩት፣ ግን ሸካራ ይሁን። ጓንት አድርጉ፣ ወይም ቢያንስ ዓይናችሁን አትንኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አዋህዱና በፈላ ውሃ የታጠበ የደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ። ከላይ ዘይት የሚያፈስ አለ፣ ይቻላል፤ ግን ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለበት ነገር ከፍሪጅ ውጪ አይቀመጥም፣ በዘይት ታፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ሲቆይ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ሊያድግበት ይችላል። ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በአንድ ሳምንት ጨርሱት። የማትጨርሱትን በበረዶ መሥሪያው ጉድጓድ እየከፈላችሁ ፍሪዘር አስገቡ፣ ሲያስፈልግ አንድ አንድ እያወጣችሁ ትጠቀማላችሁ፤ ክረምት ላይ እዚያ ጎመን ላይ ጣል ማድረግም ትችላላችሁ።